ጣሪያ ብቻውን መጠለያ አይሆንም

ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን፣ የምናከብረው የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ማደሪያ ካጡ ሰዎች ታሪክ ተለይቶ አያውቅም። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለቆጠራ ወደ ቤተ ልሔም በወረዱ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ አጥተው በከብቶች በረት ማደራቸውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ስለ ግርግሙ ትሕትናም አያሌ ስብከት ተሰብኳል። ስለ በረቱ ብርድ ግን ብዙም አንነጋገርም። እንስሳት በእስትንፋሳቸው አሞቁት እያልን ስናስተምር ያ ሌሊት ብርድ እንደ ነበረ፣ በረቱም ከብርድ እንደማይከላከል መመስከራችን መሆኑን ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከልደት በዓል ሦስት ቀን አስቀድሞ፣ ለታኅሣሥ 26 አጥቢያ፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ 5.7 ገደማ የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ ሰንብቷል፤ ከዚያም በኋላ የካቲት 7 ቀን 6.0 የተለካው መጣ። በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ቀበሌዎች የሚኖሩ ከ80 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ከስጋት ቀጣናው ለማንሣት እየተሠራ መሆኑን መንግሥት በወቅቱ አስታውቋል። ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው ብቻ ሳይሆኑ ቤታቸው ቆሞ ሳለ ከጣሪያ ሥር መተኛት የፈሩትም ሜዳ ላይና በሸራ ሥር ዐደሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው፤ ልደትን በድንኳን የዋሉ ክርስቲያኖችም ነበሩባቸው።

እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ጊዜ ሁላችንም የምንጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰው ሞተ?» የሚለው ነው። ቁጥሩ ከተነገረ፣ ድንኳኑም ከተተከለ በኋላ ነገሩ ያበቃ ይመስለናል። የሚያበቃ አለመሆኑን ግን በመሬት መንቀጥቀጥ የታወቀችው ጃፓን ታስተምረናለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 በኩማሞቶ በደረሰው መንቀጥቀጥ ፍርስራሽ ተጭኗቸውና በመሳሰለው ቀጥተኛ ምክንያት የሞቱት 50 ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ በመጠለያ መጨናነቅ፣ በሕክምና መቋረጥ፣ በድካምና በድንጋጤ ምክንያት እንደ ሞቱ የተመዘገቡት ግን ከ200 በላይ ሆኑ። ተከታዩን መንቀጥቀጥ ፈርተው በመኪናቸው ውስጥ እግራቸውን አጥፈው ሌሊቱን የሚያድሩ ብዙዎች ስለ ነበሩ ከእነርሱ መካከል ደማቸው በእግራቸው ሥር ረግቶ፣ ወደ ሳንባቸው ወጥቶ ለሞት ያበቃቸው ነበሩ። ባለጸጋና የተደራጀች ሀገር እንኳ መሬት ከገደለባት ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የገደለባት በአራት እጅ በለጠ ማለት ነው።

እኛስ ይህን ከሩቅ ሀገር መማር የሚያስፈልገን ሕዝብ ነበርን? በ1977 ዓ.ም. መባቻ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው የኮረም ሜዳ የቅርብ ትዝታችን ነው። ኮረም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ወደዚያ የተሰበሰበው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እህል ፍለጋ የመጣ ቢሆንም፣ የገደለው እህል ማጣት ብቻ አልነበረም። ኩፍኝ ሕፃናቱን ፈጀ፤ ተቅማጥና የሳንባ ምች ተከተለ፤ በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተጠጋግተው በሚያድሩት መካከል ቅማል ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን ከሰው ወደ ሰው አዛመተ። ሕዝቡ ተበታትኖ በየመንደሩ ሳለ ያልነበረ በሽታ በአንድ ሜዳ በመሰብሰቡ መጣ። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው ረኃብም እንዲሁ ነው፤ ከብቱን የጨረሰው በሽታ ረኃብን አመጣ፤ ረኃቡን ተከትሎም ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ገባ። ረኃብተኛው ወደ ከተማ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ወደ መኳንንት ግቢ ሲጠጋ በሽታው አብሮት ይጠጋ ነበር።

አሁን ደግሞ ራሳችንን እንክሰስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ሌሊት በምናገለግልበት አጥቢያ ግርጌ የሚያልፈው ወንዝ ሞልቶ የዳር ቤቶችን ወሰደ። ሰው በአብዛኛው ተርፏል። ስልሳ ያህል አባወራዎች ልጆቻቸውንና የቻሉትን ዕቃ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገቡ የሰበካ ጉባኤው አዳራሽ ተከፈተላቸው። እኛም ዲያቆናቱና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሌሊቱን ሰሌንና ምንጣፍ ስናነጥፍ ዐደርን። ሲነጋ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ አንድም ሰው ዝናብ ሳይመታው በማየታችን ደስ አለን፤ እንዲያውም ጥቂት ሳንኩራራ አልቀረንም።

ደስታችን የቆየው ሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ሕፃናት ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በአራተኛው ቀን አንዲት አሮጊት እናት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተጠርታ መጣች። ዕድሜዋ ከሃያ አምስት የማይበልጥ ልጅ ናት። አዳራሹን ዞራ፣ የውኃውን በርሜል ከፍታ፣ ከመካነ መቃብሩ ጀርባ ያለውን መጸዳጃ አይታ ከተመለሰች በኋላ «ዲያቆን፣ እነዚህን ሰዎች ከጎርፍ አውጥታችሁ ወዴት አስገባችኋቸው?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ነገሩን በእርጋታ ብናሰላው ኖሮ አስቀድመን በደረስንበት ነበር። አዳራሹ 20 ሜትር በ12 ሜትር ነው፤ 240 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ያስገባነው ሰውም 240 ያህል ነበርና ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ደረሰው፤ ጀርባውን አሳርፎ ለመገላበጥ እንኳ አይበቃም። በዓለም ዙሪያ የእርዳታ ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች «ስፊር» በሚባለው መመሪያቸው የተስማሙበት ዝቅተኛ ልክ ለአንድ ሰው፣ የማብሰያ ቦታን ሳይጨምር፣ 3.5 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ልክ ያ አዳራሽ ሊይዝ የሚገባው ስልሳ ስምንት ሰው ብቻ ነበር። ውኃውን እንይ። መመሪያው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፤ ለ240 ሰው 3,600 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል ዐሥራ ስምንት መሆኑ ነው። እኛ በአህያ እያስጫንን በቀን የምንሞላው ሦስት በርሜል ነበር። ያም ቢሆን በአንድ ጣሳ የሚጠለቅ፣ ጣሳውም የገባው እጅ ሁሉ የሚገባበት። መጸዳጃው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስለ ነበረው ለአንዱ መቶ ሃያ ሰው ደረሰው፤ በአደጋው መጀመሪያ ለሃምሳ፣ ሲረጋጋም ለሃያ ሰው አንድ ሊሆን ይገባ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠን ግን የእኒያ አሮጊት እናት ነገር ነው። ልጅቱ አጠገባቸው ተቀምጣ «እማማ፣ ውኃ ይጠጣሉ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ ከቀትር በኋላ እንደማይቀምሱ ነገሯት። ለምን ቢባሉ «ልጄ፣ በዚያ ጨለማ በመቃብር መካከል ከምወጣ ጥሜን ብችል ይሻለኛል» አሉ። ቀስ ብለን ብንጠይቅ ልጃገረዶቹም፣ ነፍሰ ጡሮቹም እንዲሁ ሲያደርጉ ከርመዋል። ወደ መጸዳጃው የሚወስደው መንገድ መብራት የለውም፤ በሩ ከውስጥ አይቆለፍም፤ የወንድና የሴት ተብሎም አልተለየም። መጸዳጃ ሠራን የሚሉ ሁሉ መጸዳጃው በሌሊት ሴት የምትደፍረው መሆን አለመሆኑን ካልጠየቁ ሥራቸው እንደ ግማሽ የሚቆጠር ነው። መመሪያውም ቢሆን ከማደሪያው ከ50 ሜትር እንዳይርቅ፣ ብርሃን እንዲኖረው፣ ከውስጥ እንዲዘጋ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሴቶች የወር አበባ ጨርቅና የውስጥ ልብስ መኖሩንም ከእኛ ወገን ማንም አልጠየቀም። ከዐውደ ምሕረት የማይነገር ነገር ስለ ሆነ ከኮሚቴውም ስብሰባ ተዘለለ።

ሌሎችም ጥፋቶች ነበሩብን። ሌሊት ብርድ ሲጠና ከሰል አቀጣጥለን ወደ አዳራሹ አስገባን፤ መስኮቱንም ዘጋን። ከሰል በተዘጋ ቤት የሚገድል መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ግን ያን ሌሊት ብርዱ ከእውቀታችን በለጠ። «ሌባ እንዳይገባ» ብለን ሁለተኛውን በር በውጭ በቁልፍ ዘጋነው፤ ቁልፉም በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ዐደረ። እሳት ቢነሣ ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ድፍረት ባላገኘን ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልሞተም። አሮጊቷም ተሽሏቸው ከልጃቸው ጋር ሄዱ። ነገር ግን ክፉ ነገር ያልደረሰው እኛ በመጠንቀቃችን አልነበረም።

በድሬዳዋ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን በወሰደ ጊዜም የተረፉት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በትምህርት ቤቶችና በድንኳኖች ተጠልለው ነበር። በዚያው ዓመት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሀገሪቱ ይዛመት ስለ ነበር በየመጠለያው ስጋቱ ከባድ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አስቀድሞ ሊደርስ የሚገባው በክሎሪን የታከመ ውኃ፣ ሳሙና፣ መጸዳጃና ለሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ነው። ክትባቱ ከስድስት ወር ሕፃን ጀምሮ እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድረስ፣ ለትናንሾቹም ከቫይታሚን ኤ ጋር ይሰጣል። በተጨናነቀ መጠለያ ውስጥ ኩፍኝ ከገባ በኋላ መከተብ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው።

እዚህ ላይ ካህናትን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቀን ባለቀበት ሁሉ «ሬሳው ወረርሽኝ ያመጣል» የሚል ጥድፊያ ይነሣል፤ ማንነቱ ሳይለይ፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ሳይደርስ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ይጨመራል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ባለቁ ጊዜ ቤተሰብ በእጁ ጭቃ እየቆፈረ የሞቱበትን ሲፈልግ ያየ ሰው የዚህ ነገር ትርጉም ይገባዋል። በጎርፍ፣ በመንሸራተትና በመንቀጥቀጥ የሞተ ሰው ሬሳ እንደ ኮሌራ ባለ በሽታ ከሞተው ሬሳ ልዩ ነው፤ ከመጠጥ ውኃ እስከ ተራቀ ድረስ በራሱ ወረርሽኝ እንደማያስነሣ የዓለም ጤና ድርጅት ከገለጸ ቆይቷል። ወረርሽኝ የሚያስነሣው በሕይወት ያለው ሕዝብ የሚጠጣው ውኃና የሚጸዳዳበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ለሟቹ ስምና ጸሎት የሚሆን ጊዜ አለ፤ ጊዜ የሌለው የበርሜሉ ጉዳይ ነው።

በዓል በመጣ ቁጥር ምእመናን ለተቸገረ ማካፈላቸው ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ እንዲቀርም አንሻም። ግን አሰጣጣችንን እንመርምር። ከሠላሳ ቤት በሠላሳ ሰታቴ ተቀቅሎ፣ ከቅዳሴ መልስ ተጭኖ፣ ከቀትር በኋላ መጠለያ የሚደርስ የበዓል ወጥ እስኪመሽ ድረስ በሙቀት ተቀምጦ ሲበላ ፍቅራችን በሽታ ይሆናል። ሥጋው ጥሬ ከሆነማ አደጋው የባሰ ነው። ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ ዘይቱ፣ ማገዶውና ድስቱ ቢሰጣቸው ግን እናቶቹ ራሳቸው እዚያው አብስለው ትኩሱን ይበላሉ፤ የበዓሉም ሽታ በሸራው ሥር ይሸታል። በእርግጥ የባለሙያ ሴት እጅ ከሌሎች ድስት ይልቅ የገዛ ድስቷን ይወዳል።

የዱቄት ወተትና ጡጦ ነገር ደግሞ ብዙ ደጋግ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለሕፃናት የዱቄት ወተት በገፍ ተሰጥቶ ነበር። ኋላ ሲጠና በስጦታ ወተት ያገኙት ሕፃናት ካላገኙት ይልቅ ተቅማጥ ከእጥፍ በላይ ይዟቸው ተገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውኃ ንጹሕ አይደለም፤ ጡጦውም የሚቀቀልበት የለም። እናት ከደነገጠች ወተቷ ደረቀ የሚባለውም በአብዛኛው እውነት አይደለም። ስትረጋጋ፣ ስትጠጣ፣ ስትበላ ይመለስላታል። እንግዲያውስ ስጦታችን ለሕፃኑ ሳይሆን ለእናቲቱ ይሁን፤ ገንፎዋን፣ አጥሚቷን፣ የምትሸሸግበትን መጋረጃ እንስጣት። አደጋው በነቢያት ጾም ላይ የደረሰ እንደ ሆነም አራስንና በሽተኛን «ጾሙን ጠብቂ» ብሎ የሚያስጨንቅ እንዳይገኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ለድውይ ያላትን ርኅራኄ የነፍስ አባቶች በመጠለያው ተገኝተው ይንገሩ።

ልብስ እንሰጣለን፤ መልካም ነው። ከታጠበ፣ ከተተኮሰ የበለጠ መልካም ነው፤ የኮረምን ቅማል እናስታውስ። ሳሙና ግን የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው። ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም ሳሙና ያስፈልጋል። ክዳን ያለው፣ አንገተ ጠባብ ጄሪካን ከጣሳ ይሻላል፤ እጅ አይገባበትምና። የእጅ ባትሪ ደግሞ ለእኒያ አሮጊት እናት ከአንድ ኩንታል ስንዴ በልጦባቸው ነበር ብንል አናጋንንም።

መንግሥት የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አለው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተራድኦ ሥራ የሚያከናውን ኮሚሽን አላት። ይሁን እንጂ የእነዚህ መኪና ጭነት ይዞ እስኪደርስ ድረስ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ሕዝቡን የሚያስተናግዱት የአጥቢያው ካህናት፣ የቀበሌው ሠራተኞች፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና የዕድር ዳኛ ናቸው። ዕድሮቻችን ድንኳን፣ ሰታቴ፣ አግዳሚ ወንበርና የተጻፈ የአባል መዝገብ ያላቸው ማኅበራት በመሆናቸው ለኀዘን የተሰናዳው ዕቃቸው ለአደጋም ይሆናል። አስቀድሞ የሚነጋገራቸው ሰው ግን ያስፈልጋል።

በአጥቢያችን ከዚያ ክረምት በኋላ ይህ ንግግር ተደረገ። የሰበካ ጉባኤው አዳራሹን በሜትር አስለክቶ፣ በበሩ ጉበን ላይ «68 ሰው» ብሎ በቀለም አስጻፈ። በስብሰባው አንድ አዛውንት ተነሥተው «ስልሳ ዘጠነኛው ሰው ልጁን አዝሎ በዝናብ በሩ ላይ ቢቆም ሂድ ልንለው ነውን?» ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ትክክል ነው፤ ቁጥር ተጽፎ ሰው ከተመለሰ ቁጥሩ ባይጻፍ ይሻላል። ስለዚህ የሦስት ዕድሮች ድንኳኖች በየትኛው ሜዳ እንደሚተከሉ፣ የትምህርት ቤቱ የትኞቹ ሁለት ክፍሎች ለአራሶችና ለሕመምተኞች እንደሚለቀቁ፣ ስምንት መጸዳጃ ጉድጓዶችም ከመካነ መቃብሩ ርቀው በየት በኩል እንደሚቆፈሩ ተወሰነ። የአዳራሹ የሁለተኛ በር ቁልፍ በሦስት ተባዝቶ አንዱ ለጥበቃው፣ አንዱ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ፣ ሦስተኛው ከአዳራሹ አጠገብ ለሚኖሩ አንዲት የዕድር ገንዘብ ያዥ ተሰጠ። እኒህ እናት ቁልፉን ተቀብለው ከመቀነታቸው ጫፍ ከቋጠሩት በኋላ፣ በሩ መከፈት አለመከፈቱን ለማየት በዚያው ማታ ሄደው ሞከሩት።